የሌለችው ነፍሰ ጡር

«በዚህ ቤት ነፍሰ ጡር የለችም» አሉ ወይዘሮ ሰብለ ወንጌል፣ በሩን ገርበብ አድርገው በክፍተቱ ላይ ራሳቸው ቆመው። ሰባተኛ ወሯን ያለፈችው ምራታቸው እንኳየሁ ከመጋረጃው ወዲያ፣ ጓዳ ውስጥ መደብ ላይ ተጋድማ ቃል በቃል ሰማቻቸው። ሳል መጥቶባት ነበር፤ ዋጠችው። ያን የሚያህል ሆድ ተሸክሞ የለችም መባል ሌላ ጊዜ ቢሆን ሊያስቃት ይችል ነበር። ከሐኪም ቤት የመጣችው ነርስ ግን በዋዛ የምትመለስ አልነበረችም። ከታች፣ ወንዙ ዳር ባሉት ቤቶች የወፍ በሽታ መግባቱን፣ ውኃ ሳያፈሉ መጠጣት እንደማይገባ፣ በሽታው ሌላውን ሰው ሲይዝ አብዛኛውን ጊዜ ተኝቶ እንደሚነሳ፣ ነፍሰ ጡር ሲይዝ ግን ነገሩ ሌላ እንደሆነ ደጋግማ ተናገረች። «ትናንት አንዲት ቀበርን» አለች። «ዓይኗ ቢጫ የሆነ ነፍሰ ጡር ካለች ዛሬውኑ ላኩልን፤ ለነገ አይባልም። እንቅልፍ እንቅልፍ የሚላት ከሆነ፣ ወሬዋም ከተደባለቀባት፣ ተሸክማችሁም ቢሆን አምጧት።» ወይዘሮ ሰብለ ወንጌል «ሸጋ፣ ብናገኝ እንልካለን» አሉና በሩን ዘጉ። ከዚያ ወደ ጓዳው መጥተው መጋረጃውን ገለጥ አደረጉ። እንኳየሁ ዓይኗን ጨፍና ነበር። አልሰማችም ብለው ሄዱ፤ ወይም ሰምታለች ብለው ሄዱ። በዚያ ቤት አለመስማትና ሰምቶ ዝም ማለት እምብዛም አይለያዩም።

ሴትዮዋ ክፉ ነበሩ ብሎ መገላገል ይቻል ነበር፤ ግን አልነበሩም። ምራታቸው ከታመመች ወዲህ ያልሞከሩት የለም። የወፍ በሽታ የሌሊት ወፍ የምታመጣው ነው ስለሚባል፣ መድኃኒት አዋቂ ከተባለ ሰው ሥር አስመጥተው፣ ወቅጠው፣ በማር ለውሰው በባዶ ሆዷ አጠጥተዋታል፤ ሲያስመልሳት ዋለ እንጂ ዓይኗ አልነጣም። ጠበልም በየማለዳው ይረጯታል። ሐኪም ቤት የሚለው ቃል ግን በዚያ ቤት አይነሳም፤ ምክንያቱም እሑድ ልጃቸው ዲያቆን ኃይለ ማርያም ቅስና ሊቀበል ነው። ጳጳሱ ጎንደር ሰንብተው ሰኞ ወደ ደብረ ታቦር ይሄዳሉ፤ መቼ እንደሚመለሱ እሳቸውና እግዜር ያውቃሉ። በደብሩ ልማድ ደግሞ ለቅስና የሚቀርብ ዲያቆን በዚያው ዕለት ከሚስቱ ጋር ጎን ለጎን ይቆርባል፤ ሚስት ሳትቆርብ ባል አይቀስስም። ሐኪም ቤት የገባ ሰው በመርፌ መወጋቱ፣ ደም መቀዳቱ አይቀርም። ደሙ የፈሰሰ ሰው ደግሞ ወደ ቁርባን አይቀርብም። ነገሩ ይኸው ነው። የወይዘሮ ሰብለ ወንጌል ባል ቄስ ወልደ ዮሐንስ በሕይወት ሳሉ ሲቀድሱበት የኖሩት የሰሞን መሬት ካረፉ ወዲህ በሌላ ቄስ እጅ ነው፤ ለመበለቲቱ እኩሌታው እህል የሚላክላቸው ልጁ እስኪቀስስ ድረስ ተብሎ ነው። ልጁ ካልቀሰሰ እሱም ይቀራል። ስለዚህ ዓርብንና ቅዳሜን ጥርሳቸውን ነክሰው ለማለፍ ቆረጡ። በመካከሉ የምራታቸው ነፍስ እንዳለች አላሰቡትም፤ ወይም አስበው ለእግዜር ትተውታል።

ለጎረቤት የተነገረው ሌላ ነው። እንኳየሁ ሱባኤ ገብታለች ተባለ። ባሏ ሊቀስስ ነውና እሷም ከሰው ተለይታ፣ ጓዳ ተዘግታ፣ በጾምና በጸሎት ሰንብታ ትቆርባለች። የእጨጌ ቤት ሰፈር ሰው እንዲህ ያለ ወሬ ሲያገኝ አያድርም፤ በዚያው ቀን ከላይ ሰፈር እስከ ታች ሰፈር ተዳረሰ። አምና ከጭልጋ ስትመጣ የገበሬ ልጅ ናት፣ ቅማንትኛ የሚናገሩ ዘመዶች አሏት፣ የካህን ቤት ወግ ከየት ታውቃለች ብለው ከንፈራቸውን ሲመጡ የነበሩት ሴቶች አሁን ስሟን ሲጠሩ አንገታቸውን ደፋ ያደርጋሉ። ጤነኛ ሆና ከእነሱ ጋር ውኃ ስትቀዳ ያላገኘችውን ክብር ታማ ተደብቃ አገኘችው።

አምስት ሰዓት ገደማ ጎረቤታቸው ወይዘሮ ማሬ መጣች። ወይዘሮ ሰብለ ወንጌል እስከ መጋረጃው ድረስ ብቻ ፈቀዱላት፤ ራሳቸውም አጠገቧ ቆሙ። ማሬ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እንኳየሁ፣ እህት ዓለሜ፣ አትመልሽልኝ፤ ሱባኤ ላይ መሆንሽን አውቃለሁ» አለች። «ያን ልጄን ብቻ አስቢልኝ። አዲስ አበባ ጦር ሠራዊት ገብቶ ይኸው ድምፁ ጠፋ። አንቺ ብትለምኚልኝ እመ ብርሃን እምቢ አትልም።» እንኳየሁ ተነስታ ተቀመጠች። ከማሬ የሚለያት አንድ አሮጌ ሸማ ነው፤ እጇን ብትዘረጋ ትነካታለች። «ማሬ፣ አሞኛል» ለማለት አፏን ከፈተች። ነገር ግን ከመጋረጃው በታች የአማቷ እግር ይታያታል፤ ወደ እሷ ዞሯል። አፏን መልሳ ገጠመች። ማሬ መሬቱን ስማ ሄደች። እንኳየሁ ሌላ የምትሠራው ስላልነበራት ለማሬ ልጅ እውነቷን ጸለየች፤ ልጁን አይታው አታውቅም። ስትጨርስ ለእሷ ደግሞ ማን እየጸለየላት እንደሆነ አሰበች። ለእሑድ የሚጸልይ ሞልቷል። ለእሷ ግን አንድም ሰው አልመጣላትም፣ እናቷ ጭልጋ ናት፣ መታመሟን እንኳ አልሰማችም፤ ወሬው እንዳይወጣ መልእክተኛ አልተላከም።

ጓዳው ጠባብ ነው። በአንድ በኩል የእህል ጎታ፣ በሌላው የሟቹ ቄስ መጻሕፍት በማኅደራቸው ተሰቅለዋል፤ ከላይ እጅ የምታሾልክ መስኮት አለች። በዚያች መስኮት በሚገባው ብርሃን ላይ መዳፏን ዘርግታ አየችው፤ የእርድ ዱቄት የነካ ይመስላል። ገላዋ ያሳክካታል፤ አክካ አክካ ክንዷ ተላልጧል። ከወዲያ ክፍል የሽሮ ሽታ ሲመጣ አፍንጫዋን በነጠላዋ ትሸፍናለች። በሆዷ ያለው ልጅ ግን ደግ ነው፤ ቀስ ብሎ በጎኗ በኩል ይገላበጣል። ሰሞኑን ግን እየሰነፈ ሄዷል። ወይም እሷ እየሰነፈች ነው። እንቅልፍ በቀን ይወስዳታል፣ በሌሊት ደግሞ አፍጥጣ ታድራለች።

ስድስት ሰዓት አልፎ ኃይለ ማርያም የቅዳሴ መጽሐፉን ሊወስድ ገባ። በእናቱ ፊት አንቱ ትለዋለች፣ ብቻቸውን ሲሆኑ አንተ። ጭልጋ የቆሎ ተማሪ ሳለ ከአባቷ ከአያ አዘዘ ደጅ ቆሞ ስለ ማርያም ሲል ነው ያወቀችው፤ ድምፁ ሸጋ ነበር፣ እናቷ ሁልጊዜ ከሌሎቹ ተማሪዎች አብልጣ ትሰጠው ነበር። አሁንም ድምፁ ያው ነው፤ ከታመመች ወዲህ ግን ከእሷ ጋር ሲነጋገር ከራስጌዋ በላይ ያለውን ግድግዳ እያየ ነው። መጽሐፉን ከማኅደሩ እያወጣ ሳለ፣ «ነርሷ ያለችውን ሰማህ?» አለችው።

«እናቴ ነግራኛለች።»

«አንዲት ቀብረናል አለች።»

«የመንገድ ወሬ ነው እንኳየሁ። ሐኪም ቤት ሰው እንዲመጣላቸው የማይሉት የለም።»

«እስቲ ዓይኔን እየው።»

መጽሐፉን ገለጠ፤ የሚፈልገው ገጽ ያለ ይመስል አገላበጠ። «ሁለት ቀን ናት» አለ። «ሁለት ቀን ምን አላት? ከወር በላይ ችለሽው የለ? እሑድ ቆርበን፣ ሰኞ የፈለጉትን ያድርጉ። ቁርባን ራሱ መድኃኒት ነው፤ አንቺም ታውቂዋለሽ።» ደግ ሰው ነው፤ ነፍሳት ሲረግጥ እንኳ ይደነግጣል። ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ሌሎች ያዘዙትን ሲፈጽም የኖረ ስለሆነ፣ የራሱ የሆነ እሺና እምቢ በደረቱ ውስጥ የት ጋ እንደሚቀመጥ አያውቅም። በእግሩ ጫፍ እየረገጠ ወጣ፣ የተኛ ሰው ያለ ይመስል። ሳቅ ያልመጣለት ቤት ነው እንጂ ይህም የሚያስቅ ነበር።

ብቻዋን ስትቀር አባታችን ሆይ ልትል ጀመረች። «በሰማያት የምትኖር፣ ስምህ ይቀደስ፣ መንግሥትህ ትምጣ» ብላ፣ «ፈቃድህ» ላይ ስትደርስ ቀጥሎ ያለው ጠፋትና፣ «ቦራ፣ ዳለቻ፣ ወርቄ፣ ሻንቆ» እያለች የአባቷን በሬዎች ስም መጥራት ቀጠለች። አሜን ብላ አማተበች። ጥቂት ቆይታ ነው ያለችው ለጆሮዋ የተሰማት። ደግማ ጀመረች፤ ደግማ ከዚያው ቦታ ላይ ጠፋት፣ ደግማ በሬዎቹ መጡ። የነርሷ ቃል ትዝ አላት፤ ወሬዋ ከተደባለቀባት ተሸክማችሁም ቢሆን ያለችው። ሞት እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የሌላ ሰው ጉዳይ ነበር፤ የወንዝ ዳሯ ሴት ጉዳይ። አሁን መደቡ ጫፍ ላይ መጥቶ የተቀመጠ መሰላት። እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ልጁን ጠበቀችው። ቆይቶ ነው የተንቀሳቀሰው፣ በጣም ቆይቶ።

ወይዘሮ ሰብለ ወንጌል ለእሑድ የታዘዘውን ካባ ከልብስ ሰፊው ለማምጣት ወደ ፒያሳ ወጡ። ልብስ ሰፊው ነገ ና፣ ነገ ና የሚል ሰው ስለሆነ እስኪጨርሰው ፊቱ ተቀምጠው እንደሚጠብቁ ሲናገሩ ሰምታለች። በሩ ሲዘጋ እንኳየሁ ተነሳች። ግድግዳው ዞረ፤ ጎታውን ይዛ ቆመች። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ አወረደች፣ ጫፉ ላይ የቋጠረቻት ስሙኒ መኖሯን ዳሰሰች። ልትሰርቅ የገባች ሰው ይመስል ከገዛ ቤቷ ሾልካ ወጣች።

ፀሐዩ ፊቷን መታት። እንዳትታይ ፈርታ ነበር፤ ያን ሁሉ መፍራት ግን አላስፈለጋትም። የእጨጌ ቤት ሴቶች ያቺ ሱባኤ የገባችው ነጠላዋን ተከናንባ፣ አንገቷን ደፍታ፣ ግድግዳ እየያዘች ስትሄድ ሲያዩ ወደ ደብሩ ለጸሎት የምትሄድ መሰላቸው። አቅም ማጣቷን ትሕትና አሉት። አንዲት ሴት ልጇን ከመንገድ ላይ ጎትታ አሳለፈቻት። ሌላዋ ጎንበስ ብላ «በጸሎትሽ» አለቻት። ማንም ከነጠላው በታች ያለውን ፊት አላየም፤ የጸሎተኛን ፊት ትኩር ብሎ ማየት ነውር ነው። እንኳየሁ አጥሩን እየዳሰሰች በመካከላቸው አለፈች፤ ያን ሁሉ ሰው አልፋ እንደዚያ ቀን ብቻዋን ሆና አታውቅም።

የነገሥታቱን ግንብ ዞራ ወደ ዋናው መንገድ ስትወጣ መንገዱ ዳር ቁጭ አለች። ጋሪ ነጂው አለበል ፈረሱን ውኃ እያጠጣ ነበር፤ ለእህል ጆንያ ቦታ ሊያዘጋጅ ያነጠፈውን ገለባ ጠረግ አድርጎ እጇን ይዞ አወጣት። «ወደ የትኛው ደብር ነው እመቤቴ?» አላት፣ እሱም ወሬውን ሰምቷል። «ሐኪም ቤት» አለችው። ዘወር ብሎ አያት፤ ነፋሱ ነጠላዋን ገልጦት ነበር። ፈረሱን ደጋግሞ ገረፈው። ማኪና ሲመጣ እንኳ ወደ ዳር አልወጣም፤ ሹፌሩ በመስኮት ብቅ ብሎ እናቱን ሲሳደብበት ዝም ብሎ ነዳ። ሲደርሱ ስሙኒዋን ግን ተቀበለ፤ ፈረስ ገለባ ይበላል።

ሐኪም ቤቱ ኮሪደር ውስጥ ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ። ሁሉም ሰው ከሰው ጋር ነው የመጣው። አንዱን ሽማግሌ ልጆቹ በቃሬዛ ከወገራ አምጥተው ዙሪያውን ተቀምጠዋል፤ አንዲት ልጅ በእናቷና በአክስቷ መካከል ተደግፋ ዳቦ ትበላለች። ለእንኳየሁ ቦታ ሲለቁላት አጠገቧ ማን እንደሚቀመጥ ጠብቀው ጥቂት ስፍራ ተዉላት። ማንም አልመጣምና ስፍራው ባዶውን ቀረ። ወለሉ የታጠበበት የካርቦሊክ መድኃኒት ሽታ ራሷን አዞራት። እንቅልፍ ወሰዳት፣ ባነነች፣ ደግሞ ወሰዳት። ሲቀሰቅሷት ነጭ ገዋን የለበሰች ወጣት ሴት ፊቷ ቆማለች፤ ድምፅዋን ስትሰማ አወቀቻት፤ የጧቷ ነርስ ናት። ስሟ ሲስተር ወርቅአፈራሁ ነው። የዓይኗን ሽፋን ሳብ አድርጋ አየቻት፣ ምላስሽን አውጪ አለቻት፣ ከዚያ «ከየት ሰፈር መጣሽ?» አለች።

«ከእጨጌ ቤት። ከቄስ ወልደ ዮሐንስ ቤት።»

ነርሷ እጇን ከፊቷ ላይ ሳታነሳ ቆየች። «እዚያ ቤትማ ዛሬ ጧት ሄጄ ነበር። ነፍሰ ጡር የለችም አሉኝ።»

«የሌለችው እኔ ነኝ» አለች እንኳየሁ።

አልጋ ሰጧት። ንጹሕ አንሶላ ነበር፤ ስትተኛበት አልቅሺ አልቅሺ አላት። ሐኪሙ መጥቶ ሆዷን በእጁ ዳሰሰ፣ በመስሚያው የልጁን ልብ አዳመጠ፣ ለሲስተር ወርቅአፈራሁ አጠር አድርጎ አንድ ነገር ነግሯት ወደ ሌላ በሽተኛ አለፈ። ነርሷ ቀርባ ልጁ በሕይወት እንዳለ፣ አሁን ደሟን ቀድተው እንደሚያዩ፣ ከዚያ ስኳር ያለበት ውኃ በደም ሥሯ እንደሚሰጧት ነገረቻት። «ትድናለሽ ብዬ አልምልልሽም» አለች። «ግን እዚህ ከተኛሽ ተስፋ አለ። ቤትሽ ከሆንሽ እኔ እንጃ።» መርፌውን አንስታ ክንዷን ልታስር ስትል እንኳየሁ እጇን ሰበሰበች።

«ባሌ ይምጣ» አለች። «መጥቶ ይቅዱሽ ይበለኝ። ከዚያ በኋላ የፈለጋችሁትን ውሰዱ።»

ሲስተር ወርቅአፈራሁ ተቆጣች፤ ሰው እየሞተ የባል ፈቃድ ምን ያደርጋል አለች። እንኳየሁ የፈለገችው ፈቃድ አልነበረም። ጠዋት ከመጋረጃው ጀርባ የለችም ተብላ የዋለች ሴት፣ ባሏ በሰው ፊት «ሚስቴ ትቅደም፣ ቅስናው ይቆይ» ሲል አንድ ጊዜ መስማት ፈለገች። ሌላ አይደለም፤ እሷን ከእሑድ አብልጦ ሲመርጣት። ያን ከሰማች መርፌው ቢሻው አጥንቷ ድረስ ይግባ። ነርሷ ሰዓቷን አይታ፣ «እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ብቻ» አለችና ወጥታ፣ ደጅ ላይ ሰው ሲጠብቅ ያገኘችውን አለበልን ወደ ደብሩ ላከችው። እንኳየሁ ጣሪያውን እያየች ጠበቀች። ጎኗ ካለው አልጋ ላይ የተኛችውን ወላድ ዘመዶቿ ከበዋት ያጎርሷታል። ከመካከላቸው አንዷ ሴት ወደ እንኳየሁ ዞር ብላ «ምነው፣ አንቺ ሰው የለሽም?» አለቻት። «እየመጣ ነው» አለች።

ኃይለ ማርያም ሲገባ ከደብሩ ሮጦ የመጣ ይመስላል፤ ያልበዋል፣ ነጠላው ወደ አንድ ወገን ተንሸራቷል። አልጋዎቹን እያየ ሲያልፍ ፈለጋት፤ ሲያገኛት በአልጋው ግርጌ ቆመ። ዓይኑ ከፊቷ ላይ አላረፈም፤ ቀጥታ ክንዷ ላይ ሄደ።

«ደም ቀድተውሻል?»

«አልቀዱም። አንተን ጠበቅሁ።»

«ተመስገን!» አለ፤ ፊቱ በራ። ከሠርጋቸው ወዲህ ፊቱ እንደዚያ ሲበራ አላየችውም። ነጠላውን አስተካከለ፣ ጫማዋን ከአልጋው ሥር ፈልጎ አወጣ። «በይ ተነሽ፣ ጋሪው ውጭ ቁሟል። እናቴ ከልብስ ሰፊው አልተመለሰችም፤ ሳትመጣ እንድረስ። ማንም ሳያውቅ ያልፋል። ሰኞ ማልጄ እኔው አመጣሻለሁ፣ በማርያም እምልልሻለሁ።»

«እስከ ሰኞ ባልቆይስ?»

ጫማዋን በእጁ እንደያዘ ቆመ። ወላዷን የከበቡት ሴቶች ወሬያቸውን አቁመው ያደምጣሉ። ሲስተር ወርቅአፈራሁ ከበሩ ላይ ሆና እጇን በገዋኗ ኪስ ከታ ትጠብቃለች።

«እሱማ ፈቃደ እግዚአብሔር ነው» አለ በመጨረሻ።

«እኔ የጠየቅሁት አንተን ነው።»

ብዙ ጊዜ ሰጠችው፤ ካላት ላይ ቆርሳ ሰጠችው። የነጠላውን ዘርፍ ሲፈትል፣ ሲገምድ፣ መልሶ ሲፈታ አየችው። ከንፈሩ ተንቀሳቅሶ ነበር፤ ይናገራል ብላ ራሷን ከትራሱ ቀና አደረገች። «እናቴ ከዚያ መሬት በቀር…» አለና ሳይጨርሰው ተወው። ጨርሶት ቢሆን ይሻል ነበር። እንኳየሁ ራሷን መልሳ ትራሱ ላይ አኖረች፤ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ እንባዋም ቢጫ ይሁን አይሁን እንደ እብድ ለአፍታ አሰበች። ከዚያ የግራ እጇን እጅጌ እስከ ትከሻዋ ጠቀለለች።

«ሲስተር፣ ነይ ውሰጅልኝ» አለች። «አሁን።»

ኃይለ ማርያም «እንኳየሁ!» አለ፤ አንድ እርምጃ ወደፊት መጣና ቆመ። ነርሷ ክንዷን አሰረች፣ ደም ሥሯን በጣቷ ፈለገች። መርፌው ሲገባ ኃይለ ማርያም ፊቱን በነጠላው ሸፍኖ ወደ ግድግዳው ዞረ። ደሙ ወደ መርፌው ብርጭቆ ቀስ እያለ ሲወጣ እንኳየሁ አየችው፤ ጥቁር ነበር ማለት ይቻላል። ይህን ያህል ነገር የሚያሳጣ ይህን ያህል ትንሽ ነገር መሆኑ ገረማት። የባሏ ጀርባ ይንቀጠቀጣል፤ ያለቅሳል። አሳዘናት፤ ይህ ሁሉ ሆኖም አሳዘናት። ቤት ገብቶ እናቱ ፊት ሲቆም ታያት።

«ለእመይቴ ‹እኔ ስደርስ ቀድተውባት ነበር› በላቸው» አለችው። «ራሷ ጠፍታ ሄዳ አስቀዳች በል። ነገሩ በእኔ ይሁን።»

ነጠላውን ከፊቱ ላይ አወረደ። አያት፤ በመጨረሻ ዓይኗን አያት። ፊቱ ላይ የነበረው ጭንቀት ቀስ በቀስ ሲለቀው፣ ትከሻው ሲወርድ፣ ትንፋሹ ሲመለስለት አንድ በአንድ ተመለከተች። ቅስናው ቀርቶበታል፤ ያስቀረችበት ግን እሷ ናት፤ እሱ ከወቀሳው ድኗል። ከመርፌው ይልቅ ያመማት ያ ነው። ጫማዋን ከአልጋው ሥር መልሶ አኖረው፣ ጥንድ ጥንዱን አስተካክሎ። ነጠላውን እያጣፋ፣ ከበሩ ሳይርቅ፣ ጎረቤት ጠይቆ እንደሚሄድ ሰው፣

«እንግዲህ፣ እግዜር ይማርሽ» አላት።

«አሜን» አለች።